ቁጥርን ወደ ድምፅ የሚመልስ መሰላል

በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ዘፈን ወይም መዝሙር የሚፈልግ ሰው ዛሬ ካሴት ፍለጋ አይወጣም። ሜሞሪ ካርዱን ይዞ ሞባይል ቤት ይሄዳል፤ አስጭኖ ይመለሳል። በዚያች ትንሽ ካርድ ላይ ግን ድምፅ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ስፒከር ደግሞ ቁጥር አያውቅም፤ የሚያንቀሳቅሰው ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ነው። በሁለቱ መካከል ገብቶ ቁጥሩን ወደ ቮልቴጅ የሚመልሰው ክፍል ዲጂታል ቱ አናሎግ ኮንቨርተር፣ ባጭሩ ዳክ ይባላል። በየስልኩ፣ በየቴሌቪዥኑና በየዴኩ ሆድ ውስጥ አለ። ቤት ውስጥ በእጅ ሊሠራም ይችላል።

መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ በዋለው ሲዲ አንድ ሴኮንድ ድምፅ 44,100 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልክም ከ65,536 እርከኖች በአንዱ ይመዘገባል። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል፤ አንድን ሞገድ ሳያዛቡ መልሶ ለማግኘት ደግሞ ከእጥፉ በላይ መለካት ግድ ነው። ከ40,000 በላይ የሆነው ለዚህ ነው። ለምን 44,100 ላይ እንደቆመ ለሚጠይቅ መልሱ ከቪዲዮ ቴፕ ይመጣል። ያኔ ቁጥሮቹ የሚቀረጹት በቪዲዮ መቅረጫ ላይ ነበር፤ በአንድ መስመር 3 ልክ፣ በአንድ ፊልድ 245 መስመር፣ በሴኮንድ 60 ፊልድ ሲባዛ 44,100 ይሆናል።

ተሠርቶ ያለቀ ዳክ በርካሽ ይገኛል፤ ቺፕ ገዝቶ መገጣጠምም ይቻላል። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ወጣት የምመክረው ከሬዚስተር ብቻ የሚሠራውን ነው። ቺፕ ሥራውን በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ሸሽጎ ይሠራል። ይኸኛው ግን ቁጥሩ ድምፅ የሚሆንበትን ቦታ በጣት አስነክቶ ያሳያል። ሌላም ምክንያት አለ። ዕቃው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ታጥፎ፣ በሞላሌ በኩል። አንድ ዓይነት ሬዚስተር ጎደለ ተብሎ ያን መንገድ ደግሞ መመላለስ ያደክማል። የሬዚስተሩ ዳክ ደግሞ የሚፈልገው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ባለ 10 ኪሎ ኦም፣ አንድ ፓኬት።

ቅርጹ መሰላል ስለሚመስል የሬዚስተር መሰላል ይሉታል። የ8 ቢት መሰላል ስምንት እግሮች አሉት። እያንዳንዱ እግር 20 ኪሎ ኦም ነው። እግሮቹን ከላይ የሚያያይዙት ሰባት ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ናቸው። በዝቅተኛው ጫፍ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ባለ 20 ወደ ኔጋቲቭ ይወርዳል። 20 የሚባለው ሁለት ባለ 10 በተከታታይ ሲበየዱ የሚገኘው ነው፤ ስለዚህ ጠቅላላው 25 ሬዚስተር ይሆናል። በየእግሩ 5 ቮልት ወይም ዜሮ ይገባል። የመጀመሪያው እግር በውጤቱ ላይ ግማሽ ድርሻ አለው፤ ሁለተኛው ሩብ፣ ሦስተኛው ስምንተኛ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። በምኒልክ ብር ዘመን ሰው በአላድ፣ በሩብና በተሙን እየደመረ የፈለገውን ዋጋ እንደሚከፍል፣ መሰላሉም በስምንቱ እግሮች ከ0 እስከ 255 ያለውን ማንኛውንም ቁጥር ይከፍላል። አንዱ እርከን 5 ቮልት ለ256 ተካፍሎ 19.5 ሚሊቮልት ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ የዳክ ችግር ሁሉ ያለው ከዚህ በኋላ ነውና። ፓኬቱ ላይ 1 ፐርሰንት ተብሎ የተጻፈ ሬዚስተር 9,900 ኦምም 10,100 ኦምም ሊሆን ይችላል። የአንደኛው እግር ሬዚስተሮች 1 ፐርሰንት ቢበልጡስ? ሒሳቡን ብንሠራው የዚያ እግር ድርሻ በግማሽ ፐርሰንት ይቀንሳል፤ የሌሎቹ ሰባት ድርሻ በዚያው መጠን ይጨምራል። ቁጥሩ 127 ሲሆን ሰባቱ እግሮች በርተው 127.6 ይሰጣሉ። ወደ 128 ሲያልፍ ሰባቱ ጠፍተው አንደኛው ብቻውን ሲበራ 127.4 ገደማ ይወጣል። ቁጥሩ ወጣ፤ ድምፁ ወረደ! የባሰው ደግሞ ይህ የሚሆነው በ127 እና በ128 መካከል፣ ማለትም ሞገዱ ዝም በሚልበት መሐል ነጥብ ላይ መሆኑ ነው። ለስለስ ያለ ድምፅ ሁሉ ያንን ቦታ ሳይረግጥ አያልፍም።

መፍትሔው ቴስተርና ትዕግሥት ነው። መቶ ሬዚስተር ያለበትን ፓኬት ዘርግቶ አንድ በአንድ መለካትና በልካቸው መደርደር። ከአንድ ምርት የወጡ ሬዚስተሮች ከተጻፈባቸው 1 ፐርሰንት ይልቅ እርስ በርስ በጣም ይቀራረባሉ። ልካቸው ትክክል 10,000 ባይሆንም ግድ የለም፤ ሁሉም እኩል 9,960 ቢሆኑ መሰላሉ ያለ ስሕተት ይሠራል። ቁም ነገሩ መመሳሰላቸው ነው። በጣም የተመሳሰሉት ለአንደኛውና ለሁለተኛው እግር ይያዛሉ፤ ቀሪዎቹ ወደ ታች ይሰለፋሉ። በለካን ቁጥር እጃችን ሬዚስተሩን ካሞቀው ልኩ ትንሽ ይሸሻል፤ በፒንሳ መያዝ ይሻላል። ውድ መሣሪያ የሚሰጠውን ትክክለኛነት በአንድ ከሰዓት በኋላ ልኬታ መግዛት መቻሉ፣ በእኔ ዓይን፣ የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ነው።

መሰላሉን የሚመግበው አርዱዊኖ ኡኖ ቢሆን ይበቃል፤ ከ0 እስከ 7 ያሉት ስምንት ፒኖቹ በአንድ ትእዛዝ አብረው ይቀየራሉ። የራሱ ማስታወሻ 32 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ በሴኮንድ 8,000 ልክ እንኳ ቢጫወት ከ4 ሴኮንድ አያልፍም። ስለዚህ የሜሞሪ ካርድ ሞጁል ይጨመርበታል፤ ፋይሉም በ8 ቢትና በሴኮንድ 22,050 ልክ ተቀይሮ ይጫናል። ፕሮግራም ሲጫን 0 እና 1 ቁጥር ፒኖች ከመሰላሉ መነቀል አለባቸው፤ ኮምፒውተሩ የሚነጋገረው በእነሱ ነው።

ከመሰላሉ የሚወጣው ቮልቴጅ ደረጃ ደረጃ ስለሆነ ጠርዙን የሚያለሰልስ ካፓሲተር ያስፈልጋል። መሰላሉ ራሱ እንደ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ስለሚቆጠር፣ 222 የሚል የተጻፈበት ባለ 2.2 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከውጤቱ ወደ ኔጋቲቭ ቢበየድ ከ7,200 ኸርዝ በላይ ያለውን እያዳከመ ይሄዳል። ውጤቱ በ2.5 ቮልት ዙሪያ ስለሚዋልል፣ ወደ አምፕሊፋየር ከመግባቱ በፊት 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በመሐል ይገባል፤ ፖዘቲቩ ወደ መሰላሉ ዞሮ። ስፒከርን በቀጥታ ማገናኘት አይሞከርም፤ 8 ኦም የሆነ ስፒከር መሰላሉን ያፍነዋል። ጃክና ካፓሲተር ከተጣለ ዴክ መፍታት ይቻላል። ነገር ግን ከ220 ቮልት የሚቀበለው ትልቁ ካፓሲተር እስከ 310 ቮልት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ሳይለኩ እጅ መስደድ አደጋ አለው።

ስለ ኃይል ምንጩ አንድ ነገር ልጨምር። በመሰላሉ ላይ 5 ቮልቱ ራሱ መለኪያ ነው፤ እሱ ላይ ያለ ሁካታ ሁሉ በቀጥታ ወደ ድምፁ ይገባል። በርካሽ ቻርጀር ሲሠራ እምም የሚል ጩኸት ከዘፈኑ ሥር ይሰማል። በፓወር ባንክ ሲሆን ጩኸቱ በእጅጉ ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቋረጥም።

ሲያልቅ በምን ይፈተን? እኔ በበገና እላለሁ፤ በተለይ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩት ዓለሙ አጋ በቀረጹት ዓይነት፣ አንድ ድምፅና አንድ መሣሪያ ብቻ ባለበት። የበገና ጅማት ሲመታ ከሥሩ የተወሸቀችው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራዋ፣ ያንን የሚታወቅ ዝዝታ ታወጣለች። ዝዝታው ብዙ ከፍተኛ ሞገዶችን ስለሚይዝ የማለስለሻው ካፓሲተር ምን ያህሉን እንደበላ ወዲያው ይታወቃል። ከዚያ ጅማቱ ቀስ እያለ ሲሞት ያ ለስላሳ ድምፅ በጥቂት እርከኖች ብቻ ይገለጻል፤ 8 ቢትም መሻከር ይጀምራል። ሁለቱን መለየት መልመድ ያስፈልጋል። የእንዝራው ዝዝታ ከጅማቱ ጋር አብሮ ይከስማል፤ የእርከኑ ሻካራነት ግን ጅማቱ በደከመ ቁጥር ይብስበታል። ይህን አንዴ የለየ ጆሮ የቱ የበገናው፣ የቱ የመሰላሉ ድምፅ እንደሆነ ያውቃል።

ከ8 ቢት ወደ 16 ቢት በሬዚስተር መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱ እርከን ከ65,536 አንድ ስለሆነ በቴስተር ተለክቶ አይደረስበትም። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ቲዲኤ 1541 በቺፑ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች በፍጥነት እያፈራረቀ ስሕተታቸውን አቻችሎ ነበር የተወጣው። የዛሬዎቹ ቺፖች ደግሞ ጥቂት እርከን ብቻ ይዘው እጅግ በፍጥነት ያበራሉ፣ ያጠፋሉ፤ አማካዩ ድምፁ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ ፒሲኤም 5102ኤ ነው። በ3.3 ቮልት ይሠራል፤ ድምፁን በሦስት ሽቦ ይቀበላል። አንዱ ሽቦ የቢቱን ምት ይሰጣል፤ ሁለተኛው ቀኝና ግራውን ይለያል፤ ሦስተኛው ቁጥሩን ራሱን ይዞ ይመጣል። በሲዲ ልክ ሲሆን በሴኮንድ 1,411,200 ቢት ያልፋል።

ቺፕ ለሚነካ የመንዝ ሰው ግን ሌላ አገር የማይነገር ምክር አለኝ። በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ ውርጭ፣ ማታ ባና ሲገፈፍ በጨለማ ብልጭ የሚለውን የማያውቅ የለም። ያ ብልጭታ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ነው፤ ሬዚስተርን አይጎዳም፣ ቺፕን ግን ድምፅ ሳያሰማ ይገድላል። በርኖሱ ይውለቅ፤ ባናው ከጠረጴዛውም ከወንበሩም ይነሣ፤ በጥጥ ጋቢ መቀመጥ ይሻላል። ቺፑ ከከረጢቱ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ እጅ ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት ይንካ።