«እርሳው» ማለት ለምን አይበቃም?

እኩለ ሌሊት ነው። ባል በላብ ተጠምቆ፣ እየጮኸ ከእንቅልፉ ይነቃል። ሚስት ትደነግጣለች፤ ልጆችም ይነሳሉ። «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው «ምንም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ጠዋት ነገሩ አይነሳም። ከሰው ጋር መቀመጥ ትቷል፤ በሆነው ባልሆነው ይቆጣል፤ ማታ ካልጠጣ እንቅልፍ አይወስደውም። በአንድ አልጋ እየተኙ ከተቀራረቡ ወራት አልፈዋል። እሷም «ሌላ ሴት ይዞ ይሆናል» ማለት ጀምራለች።

ይህን የጻፍነው ለምሳሌ ያህል እንጂ የማንንም ቤት ለይተን አይደለም። ይሁንና በኮኪትና በመተማ አካባቢ ለሚኖር አንባቢ ነገሩ እንግዳ የሚሆን አይመስለንም። ይህ ቆላ የሰሊጥና የጥጥ አገር፣ የንግድ በር፣ የስደትም መንገድ ነው። በሱዳን አልፈው ሊቢያ ለመግባት ከተነሱት መካከል ብዙ ግፍ አይተው የተመለሱ አሉ። በቅርብ ዓመታት ሰው አግቶ ገንዘብ መጠየቅ ሹፌሩንም፣ ነጋዴውንም፣ ገበሬውንም ጎድቷል። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በክልላችን ግጭት ተባብሷል። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ሁሉ ቁስሉ በአካሉ ላይ አይታይም።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ባለሙያዎች ድኅረ አደጋ የጭንቀት ሕመም ይሉታል። በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የራሱን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ሕመሙ ግን ከስሙ በፊትም ነበረ። ዋና ዋና ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ያለፈው ነገር በቅዠት ወይም ቀን በቁም፣ አሁን እየሆነ እንዳለ ሆኖ ይመጣል። ሰውየው ያንን የሚያስታውሰውን ቦታ፣ ሰውና ወሬ ሁሉ ይሸሻል። አደጋው ያለፈ ቢሆንም ሰውነቱ ዘብ እንደ ቆመ ይቀራል፤ በር ሲንኳኳ፣ የአይሱዙ ጎማ ሲፈነዳ ይባንናል።

ክፉ ነገር ያየ ሁሉ ግን አይታመምም። አብዛኛው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ቢያጣም ቀስ በቀስ ይረጋጋል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ዕረፍት፣ ምግብና ቤተሰብ ነው። የሆነውን ሁሉ ዛሬውኑ ተናገር ብሎ ማስጨነቅ አይጠቅምም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያም በመጀመሪያው ወር ለዚህ ጭንቀት ተብሎ እንደ ዲያዜፓም ያለ የማስተኛ መድኃኒት እንዳይሰጥ መክሯል። ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩና ሥራንና ትዳርን ካወኩ ግን ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ያስፈልጋል።

ትዝታው ለምን አያረጅም?

የሠርጋችንን ቀን ስናስታውስ ዓመቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንደ መጣ እናውቃለን፤ እንዳለፈም እናውቃለን። የአደጋ ትዝታ እንዲህ አይደለም። ድምፁ፣ ሽታው፣ የልብ ምቱ ተቆራርጦ ይቀመጣል፤ «መቼ? የት? ከዚያስ?» የሚለው ግን አብሮት የለም። ስለዚህ የባሩድ ሽታ ብቻ ሲመጣ አካል «አሁን ነው» ብሎ ይነሳል። ዘመድ ወዳጅ በቅንነት «እርሳው፣ ተወው» ይላል። ችግሩ፣ ሰውየው ከትዝታው በሸሸ ቁጥር ትዝታው ቀንና ቦታ ሳያገኝ ይቀራል። ቡና ላይ የተቆራረጠ ወሬ ማውራትም ብቻውን አይፈውስም፤ አስፈሪው ቦታ ላይ ሲደረስ ወሬው ይቀየራልና።

ሕክምናው እንዴት ይሰጣል?

በሥርዓት የሚሰጡ የንግግር ሕክምናዎች ከአንድ በላይ ናቸው። ለእኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው የሕይወት ታሪክን በቅደም ተከተል በመተረክ የሚሰጠው ነው። በጀርመን አገር በኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ባለሙያዎች በጦርነትና በስደት ለተጎዱ ሰዎች ብለው ያዘጋጁት ነው።

መጀመሪያ ባለሙያው ሕመሙን ያስረዳል፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖር አለመኖሩንም በግልጽ ይጠይቃል። ቀጥሎ ወለል ላይ ገመድ ይዘረጋል። የገመዱ አንድ ጫፍ የልደት ቀን ነው። ታካሚው ለደስታ ቀኖቹ አበባ፣ ለክፉ ቀኖቹ ድንጋይ እያስቀመጠ እስከ ዛሬ ይመጣል። ድንጋዮቹ ብቻ እንዳልሆኑ፣ አበባም እንደ ነበረ በዓይኑ ያያል። (ገመዱና ድንጋዩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ማንበብና መጻፍ የማይችልም ሰው በቀላሉ ይረዳዋል።)

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀጠሮዎች ታሪኩ ከልጅነት ጀምሮ ይነገራል። ድንጋዩ ጋ ሲደረስ ባለሙያው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ምን አዩ? ምን ሰሙ? ምን አሰቡ? አሁን ሲናገሩትስ ሰውነትዎ ምን ይሰማዋል? ፍርሃቱ ጣራ ላይ ሳለ አይቆምም፤ ወርዶ እስኪበርድ፣ «ከዚያስ?» እየተባለ አደጋው ካለፈ በኋላ እስካለው ሰዓት ድረስ ይኬዳል። በሚቀጥለው ቀጠሮ የተጻፈው ይነበባል፤ ታካሚው ያርማል፣ ይጨምራል። በመጨረሻ ሙሉው የሕይወት ታሪክ ለባለቤቱ ይሰጣል። አንዱ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በዩጋንዳ መጠለያ ይኖሩ በነበሩ 43 የሱዳን ስደተኞች ላይ የተደረገ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ አራት ጊዜ ታሪካቸውን ከተረኩት ውስጥ ሕመሙ አሁንም ያልለቀቃቸው 29 በመቶ ሲሆኑ፣ የተለመደ የማጽናኛ ምክር ካገኙት ግን 79 በመቶ ነበሩ። እዚያው ዩጋንዳ ኋላ በተደረገ ሌላ ጥናት ሕክምናውን የሰጡት ሐኪሞች አልነበሩም፤ ስድስት ሳምንት የሠለጠኑ ስደተኞች ነበሩ፤ እነሱም ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። ሐኪም በማይበዛበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ይመስለናል።

አንድ ነገር እንዳይደበቅ። በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ቅዠቱ ሊብስ ይችላል፤ ብዙዎች የሚያቋርጡትም እዚህ ላይ ነው። ደግሞም ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ሰክሮ የሚመጣ፣ ወይም አሁንም በቤቱ ውስጥ የሚደበደብ ሰው ካለ በቅድሚያ ያ መፍትሔ ማግኘት አለበት።

ባልና ሚስት ምን ያድርጉ?

የአልጋ ፍላጎት መጥፋት ከሕመሙ ጋር የሚመጣ እንጂ የጥላቻ ወይም የሌላ ሰው ምልክት ነው ማለት አይደለም። ይህን ብቻ ማወቅ ብዙ ጠብ ያስቀራል። ሲቃዥ ያለውን ሰው እየነቀነቁ አይቀስቅሱት፤ ትንሽ ራቅ ብለው በስሙ ይጥሩት፣ መብራት ያብሩ፣ «ቤትህ ነህ፣ እኔ ነኝ» ይበሉት። የሆነውን በዝርዝር እንዲነግርዎ አያስገድዱ፤ ያ ሥራ የባለሙያው ነው። ወደ ጸበል ወይም ወደ መስጊድ የሚሄድ ቢሆንም ሁለቱ አይጣሉም፤ ሕክምናውን ግን አያቋርጥ።

ሚስት ተደፍራ ከሆነ፣ ባል ሆይ፣ የመጀመሪያ ቃልዎ «ለምን ሄድሽ?» አይሁን። ጊዜ አያጥፉ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያም እስከ አምስት ቀን ይሠራል፤ ሁለቱም ቶሎ ሲወሰዱ ይሻላሉ። የአእምሮ ቁስሉ ከዚያ በኋላ ይታያል።

ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብቻ ብለው አይመለሱ፤ ብዙ ሰው ራስ ምታትና ጨጓራ ብሎ መድኃኒት ይዞ ይወጣል። «ክፉ ነገር ደርሶብኛል፣ ከዚያ ወዲህ ነው» ይበሉ። የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ነርስ ወይም ጤና መኮንን እንዳለ ይጠይቁ፤ ከፍ ያለ ሕክምና ካስፈለገ በሪፈር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። ለመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለታችሁ ብትመጡ መልካም ነው። ታሪኩ በሚነገርበት ሰዓት ግን ባለቤትዎ ውጭ አግዳሚው ላይ ይጠብቁ፤ ሲወጡም «ምን አልክ? ምን አልሽ?» ሳይሉ አብረው ወደ ቤት ይሂዱ።