አንደበትና ማስተዋል፦ ከስትሮክ በኋላ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ድርሻ



እኔ የሥነ ልሳን መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ወደዚህ ርእስ ያመጣኝ በአካባቢያችን የተለመደ አንድ ፍርድ ነው። በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋማ መንደሮች አንድ ሰው በድንገት ግማሽ አካሉ ሲዝልና አንደበቱ ሲያዝ «መጋኛ መታው» ይባላል። ቀናት ካለፉ በኋላም መናገር ካልቻለ «አእምሮውን ስቷል» የሚል ይከተላል። ትናንት «አንቱ» ይባሉ የነበሩ አዛውንት እንደ ሕፃን መታየት ይጀምራሉ፤ ስለ እርሳቸው እንጂ ከእርሳቸው ጋር የሚነጋገር ይጠፋል። ዛሬ የማስረዳው ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ መሆኑን፣ ስሕተቱንም ለማረም የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ምን እንደሚሠራ ነው።

ስትሮክ የሚደርሰው ለአንጎል ደም የሚያደርስ ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 የሚነገረውን እየተረዳ መናገር የተሳነው ሰው በግራው የአንጎል ክፍል የፊት ገጽ ላይ ጉዳት እንደነበረበት አሳየ። ጀርመናዊው ካርል ቬርኒከ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1874 አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ ነገር ግን የሌላውን ንግግር መረዳት የሚያዳግታቸውን ሕሙማን ገለጸ። ይህ የቋንቋ መታወክ አፌዥያ ይባላል፤ ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉን ይነካል። ከዚህ የሚለየው ዲስአርትሪያ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቋንቋው እንዳለ ሆኖ የምላስ፣ የከንፈርና የድምፅ ጡንቻዎች ይደክማሉ። የቋንቋ ችግርን ከጡንቻ ችግር፣ ሁለቱንም ከአእምሮ መሳት መለየት የባለሙያው ዐቢይ ተግባር ነው።

የመጀመሪያው አስቸኳይ ሥራው ግን ንግግር ሳይሆን መዋጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሕሙማን ግማሽ ያህሉ የመዋጥ ችግር ይገጥማቸዋል። ምግብ ወይም ፈሳሽ ወደ አየር ቧንቧ ከገባ የሳንባ ምች ያስከትላል፤ ይህም ከስትሮኩ የተረፈውን ሰው ሊገድል ይችላል። በርኅራኄ ተነሥቶ በጀርባው ለተኛ ሕመምተኛ ውሃ በአፉ ማንቆርቆር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቀጭን ፈሳሽ በፍጥነት ስለሚወርድ ለደከመ ጉሮሮ ወፈር ካለ አጥሚት ይልቅ ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ መዋጡ ሳይመረመር ምንም በአፍ አይሰጥም። ከተመረመረና ከተፈቀደ በኋላም ሕመምተኛው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በትንሽ በትንሹ ይወስዳል። ይህ ለጸበልም የሚሠራ ስለሆነ፣ ባለሙያው ከእምነቱ ጋር ሳይጋጭ ቤተ ሰቡን ሊያስተምር ይችላል።

ወደ ቋንቋው ስንመለስ፣ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀን መመዘኛ ተርጉሞ መጠቀም አይበቃም። «አልነገረችኝም» የሚለውን ተመልከቱ፤ አሉታው፣ ግሡ፣ ተናጋሪዋና ተቀባዩ በአንድ ቃል ታስረዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕመምተኛ ትንንሽ ሰዋስዋዊ ቃላትን ሲጥል ይታያል። የአማርኛ ግሥ ግን ሥረ ፊደሉ ብቻውን ስለማይነገር ቅርጹን አራቁቶ ማስቀረት አይቻልም። በዘመዱ በዕብራይስጥ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሕሙማኑ ቅርጹን ከመጣል ይልቅ በሌላ ቅርጽ እንደሚተኩት አሳይተዋል፤ በአማርኛም ልንፈትሸው የሚገባ ነገር ነው። በድምፅ በኩልም «ጠፋ»ና «ተፋ»፣ «ቀበረ»ና «ከበረ» የሚለዩት በአንድ ድምፅ ነው፤ የደከመ አንደበት ልዩነቱን ሊያጠፋው ይችላል። በጽሑፍ የማይታየው መጥበቅና መላላትም እንዲሁ። ከአማርኛ ሌላ ቅማንትኛ ወይም ግእዝ በሚያውቅ ሰው ዘንድ ደግሞ ቋንቋዎቹ እኩል ላይጎዱ፣ እኩልም ላይመለሱ ይችላሉ።

የአቋቋም ትምህርት ማእከል በሆነችው ጎንደር ልብ ልንለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። «ውሃ» ማለት የተሳነው ሰው ለዘመናት የደገመውን ጸሎት ወይም ያዜመውን ዜማ ሊያወርድ ይችላል። በልማድ የሰረጸ ንግግር ሐሳብን ለመግለጽ ከሚመነጨው ንግግር በተለየ መንገድ ስለሚሄድ ነው። ቤተ ሰቡ «ዳነ» ብሎ እንዳይዘናጋ ልዩነቱን ማስረዳት ያሻል። ዜማን ለሕክምና መጠቀም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሌሎች አገሮች ተሞክሯል፤ ለእኛ አገር የሚስማማው ዜማ የትኛው እንደሆነ ግን መመራመር የእኛ ድርሻ ነው።

ጉዳዩ የመብት ጥያቄም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል። የሚሰማውን የሚረዳ፣ ግን መናገር የማይችል ሰው ፈቃዱን እንዴት ይገልጻል? አፌዥያ ያለበት ሰው «አዎ» ለማለት አስቦ «አይ» ሊል ስለሚችል የአንድ ጊዜ መልስ አያስተማምንም። ባለሙያው ያንኑ ጥያቄ አዙሮ ይጠይቃል፤ ሥዕልና ምልክት ይጨምራል፤ በእኛ ዘንድ «አዎ» ማለት የሆነውን ቅንድብ ማንሣትና ትንፋሽን ወደ ውስጥ መሳብ ያስተውላል። የእርሻ መሬትና የልጆች ውርስ በእንዲህ ያለ መልስ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

ታዲያ ማን ይሥራው? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ትምህርት ተጀምሯል፤ ባለሙያዎቹ ግን ለአገሪቱ እጅግ ጥቂት ናቸው። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር የሚደርስ ሕመምተኛም በየሳምንቱ መመላለስ አይችልም። ሆኖም ከባዶ አንነሣም። በ1947 ዓ.ም. በጤና ማሠልጠኛነት የተመሠረተው የጎንደር ተቋም ዛሬ የፊዚዮቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት እንዲሁም ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ፕሮግራም አለው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። የሥነ ልሳንና የሕክምና መምህራን በጋራ ከአማርኛ ባሕርይ የተነሣ የአፌዥያ መመዘኛ ያዘጋጁ። የነርስነትና የተሃድሶ ተማሪዎች የመዋጥ ምርመራንና ከአፌዥያ ሕሙማን ጋር የመነጋገር ስልትን ይማሩ። የመንደር የተሃድሶ ሠራተኞችም ቤተ ሰብ በአጭር ዐረፍተ ነገር እንዲጠይቅ፣ ታግሦም መልስ እንዲጠብቅ ያስተምሩ። እነዚህ ባለሙያውን አይተኩም፤ እርሱ እስኪደርስ ሕይወትና ክብር ይጠብቃሉ። ዩኒቨርሲቲያችን የራሱን የንግግር ሕክምና ትምህርት ለመክፈት በሚመክርበት ቀን፣ የሥነ ልሳን ክፍሉ በጠረጴዛው ዙሪያ ቦታ እንዲኖረው እጠይቃለሁ።