ሲሚንቶውን ብቻ ሳይሆን ጠጠሩንም ጠይቁ

አገር ቤት ቤት የምናሠራ ሰዎች ስንደውል የምንጠይቀው «ሲሚንቶው የየትኛው ፋብሪካ ነው?» ብለን ነው። እኔ በሙያዬ ሲቪል መሐንዲስ ነኝና መጀመሪያ የምጠይቀው ጠጠሩ ከየት እንደመጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሚንቶ ውስጥ አልካሊ የምንላቸው ሶዲየምና ፖታሲየም አሉ። ጠጠሩ ወይም አሸዋው እንደ ባልጩት ያለ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ካለበት፣ አልካሊው ከድንጋዩ ሲሊካ ጋር ተዋህዶ ሙጫ መሳይ ነገር ይፈጥራል። ሙጫው ውኃ እየጠጣ ያብጣል። የጠነከረ ኮንክሪት ደግሞ መጨመቅን እንጂ መወጠርን ብዙም አይችልም፤ ይሰነጠቃል። ያውም ከዓመታት በኋላ፣ ኮንትራክተሩ ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ ወዲያ! እ.ኤ.አ. በ1940 ይህን ካሊፎርኒያ ውስጥ ያሳየው ቶማስ ስታንተን የተባለ መሐንዲስ ነው።

ስምጥ ሸለቆአችን በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሞላ ነው። ጠጠሩ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሳይመረመር ግን አይታወቅም። ጠጠሩ ተፈጭቶ ከሲሚንቶ ጋር ትንሽ ዘንግ ይሠራበታል፤ ዘንጉ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ 14 ቀን ተነክሮ ይለካል። ከ0.10 በመቶ በታች ካደገ ደህና ነው።

የሚገርመው መድኃኒቱም ከዚያው ሰፈር ነው፤ በደንብ የደቀቀ ፑሚስ ሲሚንቶው ውስጥ ሲገባ ይህን እብጠት ይቀንሳል። ፑሚስ ያለበትን ፒፒሲ ሲሚንቶ «ደካማ» ብለው የሚንቁ አሉ። እኔ እርጥበት ለሚያገኘው መሠረት እሱን እመርጣለሁ።

ልስን ላይ የምታዩት ቀጭን መስመር ብዙ ጊዜ ሲደርቅ የሚመጣ ነው፤ አትደንግጡ። መሠረቱ ላይ እንደ ካርታ የተጠላለፈ ስንጥቅ ካያችሁ ግን ፎቶ አስልካችሁ ለመሐንዲስ አሳዩ።