ሕግና ክብደት በሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም

በሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ድል የሚቀዳጀው ከጓደኞቹ ይልቅ ደፋርና ብልህ የሆነው ነጂ እንደ ሆነ ተመልካች ሁሉ ያምናል፤ እምነቱም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን ነጂው ገና ከመነሻው መስመር ሳይንቀሳቀስ፣ የሞተሩን መጠን፣ የነዳጁን ልክ፣ የብረቱንና የሰውየውን ክብደት የወሰነው ሕግ የድሉን ጎዳና አስቀድሞ ጠርጎለታል፣ አለዚያም ዘግቶበታል። ስለዚህ የዚህን ስፖርት ጠባይ ለመረዳት የሚሻ ሰው ከነጂዎቹ ገድል አስቀድሞ ሕግጋቱን መመርመር ይገባዋል።

የዓለም ሻምፒዮና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ሲመሠረት፣ የውድድሩ ክፍሎች በሞተር መጠን የተለዩ ነበሩና፣ የመሐንዲሶች ጥበብ ሁሉ በተወሰነው መጠን ውስጥ ከፍተኛውን ኃይል ወደ ማውጣት አዘነበለ። ፒስተን ባነሰ ቁጥር ፈጥኖ ስለሚመላለስ፣ የጃፓን ፋብሪካዎች በ1960ዎቹ ሲሊንደሮችን አበዙ፤ ሆንዳ ለ125 ሲሲ አምስት፣ ለ250 ሲሲ ስድስት ሲሊንደር ሠርቶ፣ በመጀመሪያው ሉዊጂ ታቬሪ በ1966፣ በሁለተኛው ማይክ ሄይልውድ በ1966 እና በ1967 አክሊሉን ተቀዳጁ፤ ሱዙኪም ለ50 ሲሲ ሞተር 14 ማርሽ እስከ መስጠት ደረሰ። በዐሥር ዓመቱ ፍጻሜ ግን ዓለም አቀፉ የሞተር ብስክሌት ፌዴሬሽን የሲሊንደሩንና የማርሹን ቁጥር ስለ ወሰነ፣ እነዚያ ድንቅ ሥራዎች በአንድ ድንጋጌ ከሜዳው ተወገዱ።

እኩል የሚመስል ሕግም ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ባለ ሁለት ምት ሞተር በእያንዳንዱ ዙር፣ ባለ አራት ምት ግን በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ነዳጅ ስለሚያቃጥል፣ ሁለቱን በአንድ መጠን የሚያወዳድር ደንብ አንደኛውን ማንገሡ አይቀርም፤ በ500 ሲሲ ክፍል ከ1975 እስከ 2001 ሻምፒዮን የሆኑት ሁሉ በባለ ሁለት ምት የነዱ ነበሩ። ሆንዳ በ1979 ሞላላ ፒስተን ባለው አራት ምት ሞተር ይህን ሊገለብጥ ቢነሣ አልሆነለትም። በ2002 ሕጉ ለአራት ምት 990 ሲሲ በፈቀደ ጊዜ ግን ቫለንቲኖ ሮሲ በሆንዳ አሸነፈ፤ የቀድሞዎቹም ነገሥታት ወዲያው ጠፉ።

ወደ ሰው ክብደት ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይረቅቃል። ቀላል ነጂ ከጠመዝማዛው ሲወጣ ፈጥኖ ይስፈነጠራል፣ ነዳጁና ጎማውም ይቆጠቡለታል፤ አጭር ከሆነ ደግሞ ከንፋስ መከላከያው ጀርባ ተሸሽጎ አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል። ከባዱ ነጂ በበኩሉ ገላውን ወዲያና ወዲህ በማዛወር ብረቱን ይገዛል፣ የኋላውንም ጎማ ተጭኖ ያሞቀዋል። በትንንሽ ሞተሮች ዘንድ ኃይሉ ጥቂት ስለሆነ ጥቂት ኪሎ ብዙ ነው፤ የመጀመሪያውም ጥቅም ሁለተኛውን ይውጠዋል። ከዚህም የተነሣ በቀድሞው የ125 ሲሲ ክፍል ነጂው ከነትጥቁና ሞተር ብስክሌቱ በአንድነት ከ136 ኪሎ እንዳያንሱ ተደንግጎ ነበር፤ መካከለኛው ክፍል በሆነው በሞቶ2 ዘንድም በመጀመሪያ ብረቱ ብቻ ይመዘን የነበረው ሥርዓት ተለውጦ የሁለቱ ድምር ቢያንስ 215 ኪሎ እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ፣ እንደ ስኮት ሬዲንግ ያሉ ረጃጅም ነጂዎች እፎይ አሉ።

በትልቁ ክፍል፣ በሞቶጂፒ፣ የሚመዘነው ብረቱ ብቻ ነው። በዚህ ክፍል የዳኒ ፔድሮሳ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ቁመቱ 160 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ50 ኪሎ ብዙም የማያልፈው ይህ ስፔናዊ በ125 ሲሲ በ2003፣ በ250 ሲሲ በ2004 እና በ2005 ሻምፒዮን ሆነ፤ በትልቁ ክፍል 31 ውድድር አሸንፎ ሦስት ጊዜ ሁለተኛ ሲወጣ አክሊሉን ግን አላገኘም። የደረሰበት ስብራት ብዙ መሆኑ ባይካድም፣ ተቀናቃኞቹ እንደ ጸጋ የቆጠሩበት ቅለት በቀዝቃዛ አየር ጎማውን እንዳያሞቅ ያግደው እንደ ነበር በሜዳው የታወቀ ነው። እንግዲህ ቅለት በአንዱ ክፍል ሀብት ሲሆን በሌላው ዕዳም ይሆናል።

ሱፐርባይክ የተባለው ሌላው የዓለም ሻምፒዮና መካከለኛውን መንገድ መረጠ። አልቫሮ ባውቲስታ የተባለው ቀላል ነጂ በ2022 እና በ2023 በዱካቲ ከነገሠ በኋላ፣ በ2024 ነጂው ከነቆዳ ልብሱና ከነራስ ቁሩ 80 ኪሎ እንደሚመዝን ተገምቶ፣ ከዚያ የሚያንስ ሁሉ የጉድለቱን እኩሌታ በብረቱ ላይ እንዲጭን ታዘዘ፤ 66 ኪሎ የሚመዝን ነጂ 7 ኪሎ ይጨምራል ማለት ነው። እኩሌታው መሆኑ ብልህነት ነው፤ በብሎን የታሰረ ኪሎ በየጠመዝማዛው ከሚንቀሳቀሰው የነጂ ገላ ጋር አንድ አይደለምና፣ ጉድለቱን ሁሉ ማስከፈል ቅለትን ወደ ቅጣት ይለውጠው ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ስለ ክብደት የሚሰጥ ፍትሕ እንደ ሞተሩ ኃይል እየተለካ እንጂ ለሁሉም ክፍል በአንድ ቃል ሊታወጅ እንደማይገባ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ስለ ጊዜ ነው፤ ለ2012 ዘመን 153 ኪሎ ይሆናል የተባለው የሞቶጂፒ ዝቅተኛ ክብደት፣ ሥራው ካለቀ በኋላ 157 ተደርጎ፣ አስቀድሞ የደከመውን ፋብሪካ አሳዝኗል። በ2027 ሞተሩ ወደ 850 ሲሲ፣ ነዳጁ ወደ 20 ሊትር፣ ብረቱም ወደ 153 ኪሎ ዝቅ እንዲል ተወስኗል፤ ብረቱ ሲቀልና ኃይሉ ሲቀንስ የሰውየው ኪሎ ድርሻ ይጨምራልና፣ ነጂውን ከብረቱ ጋር የመመዘን ጥያቄ በትልቁም ክፍል መነሣቱ አይቀርም፤ ሕግ አውጪዎችም መልሱን ክርክሩ ከመጦፉና ፋብሪካዎች ብረታቸውን ሠርተው ከመጨረሳቸው በፊት ቢያዘጋጁ ለነጂዎቹም ለስፖርቱም ይበጃል።