ከመለወጥ በፊት መለካት፦ አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌት ሲያስቸግር

በፋኩልቲያችን የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ።



የዛሬው ርእሴ ለአዳራሽ ሳይሆን ለጋራዥ የሚስማማ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ከአንድ ምልክት ተነሥቶ ወደ እውነተኛው መንሥኤ መድረስ የምሕንድስና ሁሉ ሥራ ነው። አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌት ደግሞ ይህን ሥራ ከማውቃቸው መሣሪያዎች ሁሉ አብልጦ ያስተምራል። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ስሕተትን ግን አይምርም።

ንግግሬን በራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንድ የቅርብ ዘመዴ አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ይዞልኝ መጣ። ሰውየው በአዋሽ አካባቢ ቆላ ከመንደር መንደር እየተዘዋወረ ይሠራ ስለነበር ሞተሩ እግሩ ነበር። ሕመሙ ሦስት መልክ ነበረው፦ ጋዝ ሲለቀቅ የሞተሩ ፍጥነት ቶሎ አይወርድም፤ ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከሞቀ በኋላ ካጠፉት በቀላሉ አይነሣም። እኔም ሳልለካ «ቤንዚን አንሶታል» ብዬ ፈረድኩ። የካርቡሬተሩን ጄት አውጥቼ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ተካሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሞክረነው አማረ፤ ዘመዴም መርቆኝ ሄደ። ወደ ቆላው ሲወርድ ግን ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሞተሩ በድንገት ደረቀ፤ የኋላው ጎማም ቆለፈ። ፍሪሲዮኑን ፈጥኖ በመያዙ ብቻ ከመውደቅ ተረፈ። ሞተሩን በፀሐይ እየገፋ ረጅም መንገድ ሄደ። የዛሬው ንግግሬ ያን ቀን ለምን እንደተሳሳትኩ ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ የሞተሩን ጠባይ እንመልከት። በባለ አራት ምት ሞተር ከፒስተኑ በታች ያለው ክፍል በዋናነት የዘይት ማደሪያ ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ይኸው ክፍል ፓምፕ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይስባል፤ ሲወርድ ያንኑ ድብልቅ ገፍቶ በጎን ባሉት መተላለፊያዎች ወደ ላይኛው ክፍል ያሳልፈዋል። ስለዚህ የታችኛው ክፍል አየር የማያስገባ መሆን አለበት። የክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጫፎች ከዚህ ክፍል በሚወጡበት ቦታ ላይ ሁለት የጎማ ሲሎች አሉ። እነዚህ ሲሎች በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ።

በማግኔቱ በኩል ያለው ሲል ሲደርቅ ሞተሩ በካርቡሬተሩ ያላለፈ አየር ይስባል። ድብልቁ ይሳሳል፤ ፍጥነቱ በራሱ ይንሳፈፋል። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ሲል ሲበላሽ ደግሞ የካምቢዮ ዘይት ወደ ውስጥ ይሳባል። በዚህን ጊዜ ከማርሚታው ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል፤ መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ የካምቢዮው ዘይት እየጎደለ ይሄዳል። የዘመዴ ሞተር ሕመም የመጀመሪያው ነበር። እኔ ግን የገባውን አየር በተጨማሪ ቤንዚን ሸፈንኩት። ምልክቱን አጠፋሁ፤ በሽታውን አስቀረሁ።

ታዲያ አዲስ አበባ ላይ ደኅና የነበረው ሞተር ቆላ ሲወርድ ለምን ጠፋ? መልሱ በአየሩ ክብደት ውስጥ ነው። በ2,355 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ 101 ነው። የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ካርቡሬተር ደግሞ አየርን የሚያውቀው በክብደቱ ሳይሆን በፍሰቱ ነው። የሚያልፈው አየር ክብደት ከእፍጋቱ ጋር እኩል ሲቀንስ፣ የሚሳበው ቤንዚን የሚቀንሰው በእፍጋቱ ካሬ ሥር ልክ ብቻ ነው። ውጤቱም ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 12 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ሲወርድ ድብልቁ መልሶ በጥቂት በመቶ ይሳሳል። ለጤነኛ ሞተር ይህ ልዩነት ቀላል ነው። አስቀድሞ አየር ለሚሰርቅ ሞተር ግን የመጨረሻዋ ጭነት ናት። በዚህ ላይ ረጅሙን ቁልቁለት ጋዝ ዘግተው ሲወርዱ የሞተሩ ፍጥነት ከፍ እንዳለ ይቆያል፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚደርሰው ዘይት ግን ያንሳል። የሳሳ ድብልቅ ሙቀትን ይጨምራል፤ ሙቀቱ ፒስተኑን ያሳብጠዋል፤ የዘይት እጥረቱም ይጨርሰዋል።

ከዚህ ተነሥቼ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማስተምረው የምርመራ ቅደም ተከተል አለ። ካርቡሬተሩን ማስተካከል የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም።

አንደኛ፣ ብልጭታ። ካንዴላውን ፈትታችሁ መልኩን አንብቡ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል፤ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ነጭ ከሆነ ድብልቁ ሳስቷል ወይም ሙቀቱ በዝቷል። ከዚያ አካሉን ከሲሊንደሩ ብረት ጋር አስነክታችሁ፣ ከክፍቱ የካንዴላ ቀዳዳ አርቃችሁ፣ ማስነሻውን በመርገጥ ብልጭታውን እዩ። ነገር ግን በገላጣ አየር ላይ ብልጭታ መታየቱ ሙሉ ማስረጃ አይሆንም፤ በታመቀ ጋዝ ውስጥ ብልጭታ ለመፍጠር እጅግ የበለጠ ቮልቴጅ ያስፈልጋል። በቅዝቃዜ የሚሠራ ኮይል ሲሞቅ ሊከዳ ይችላል፤ ስለዚህ ሞተሩ እንደሞቀ በጠፋበት ቅጽበት ደግማችሁ ፈትኑ።

ሁለተኛ፣ እመቃ። መለኪያውን በካንዴላው ቦታ አስገቡ፤ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ መርፌው መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ርገጡ። እዚህ ላይ ከፍታውን አትርሱ። በባሕር ጠለል ላይ 10 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 7.5 ባር ያህል ብቻ ያሳያል። ይህን ያላሰበ ሰው ደኅናውን ሞተር «አርጅቷል» ብሎ ያፈርሰዋል። ንባቡ ከዚህም እጅግ ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ከፍ ካለ ፋሻዎቹ ወይም ሲሊንደሩ አልቀዋል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የታችኛው ክፍል ጥብቀት። እኔ የዘለልኩት ይህን ነው። የጭስ መውጫውንና የድብልቁን መግቢያ በጎማ ድፈኑ፤ በእጅ ፓምፕ 0.4 ባር ያህል ግፊት አስገቡ፤ ሲሎቹን እንዳይጎዳ ከዚያ አታሳልፉ። ከዚያም አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው እየወረደ ከሄደ በሳሙና ውኃ ጓርኒሲዮኖቹን፣ የካርቡሬተሩን ጎማና የሲሎቹን ዙሪያ ቀቡ፤ አረፋው ቦታውን ያሳያችኋል። የሚያስፈልገው አንድ መለኪያ፣ አንድ ፓምፕና ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነው።

አራተኛ፣ የቤንዚኑ መንገድ። ለብዙ ጊዜ የቆመ ቤንዚን ሙጫ ይሆናል፤ በቅድሚያ የሚደፍነውም ትንሹን የዝግታ ጄት ነው። በቾክ ብቻ የሚሠራ ሞተር ብዙውን ጊዜ ይህ ችግር አለበት። ጄቱን በፈሳሽ ማጽጃና በአየር ግፊት አጽዱት፤ ሽቦ ካስገባችሁ ቀዳዳው ይሰፋል። ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ከጠፋና ካረፈ በኋላ ከተነሣ ደግሞ የታንከሩን ክዳን ፈታ አድርጋችሁ ሞክሩት። የክዳኑ መተንፈሻ ስለተደፈነ ብቻ ካርቡሬተራቸው በከንቱ የተፈታ ብዙ ሞተሮች አሉ።

አምስተኛ፣ መውጫው። በጭስ መውጫውና በማርሚታው ውስጥ የተጋገረ ጥላሸት ሞተሩን ያፍነዋል፤ ሞተሩ በቀላሉ ይነሣል፣ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል።

እዚህ ሁሉ ከተደረሰ በኋላ ብቻ ወደ ጄትና ወደ መርፌ ማስተካከል እንሄዳለን። ያኔም ቢሆን ሕጉ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፣ የተለወጠውም ይጻፋል። ካንዴላም፣ ጄትም፣ የዘይት መጠንም አንድ ላይ የለወጠ ሰው ሞተሩ ቢሠራለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም። ስለ ዘይት ከተነሣ አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሣ። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ በሚሞላበት ሞተር ላይ «ለጥንቃቄ» ተብሎ ዘይት ሲበዛ፣ በዚያው ጄት የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል፤ ድብልቁም በጥቂቱ ይሳሳል። ያለ ልክ የተደረገ ጥንቃቄም ሊጎዳ ይችላል።

ወደ ዘመዴ ሞተር ልመለስ። ወደ እኔ ተመልሶ ሲመጣ ፒስተኑ በመውጫው በኩል ተልጦ፣ ሲሊንደሩ ተፋፍቆ አገኘሁት። በማግኔቱ በኩል ያለው ሲል እንደ ሸክላ ደርቆ በጣቴ ስነካው ተሰነጠቀ። የሲሉ ዋጋ ከፒስተኑና ከሲሊንደሩ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ሲሉ ተለውጦ፣ ጥብቀቱ ተለክቶ፣ የቀድሞው ጄት ወደ ቦታው ሲመለስ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሠራ። እኔ የለወጥኩት ጄት ከመጀመሪያውም ጥፋት አልነበረበትም።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በእጃችሁ የሚገባው ሞተር ብስክሌት ላይሆን ይችላል፤ የውኃ ፓምፕ፣ ጄነሬተር፣ ወይም የሆስፒታል መሣሪያ ይሆናል። ከዚያ መሣሪያ ጀርባ ሁልጊዜ መንገድ የሚጠብቀው ሰው አለ። ምልክት ሲጠፋ ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን ለምን እንደጠፋ ማስረዳት እስክትችሉ ድረስ መሣሪያውን ለባለቤቱ አታስረክቡ። እኔ ይህን የተማርኩት በሌላ ሰው ድካም ነውና እናንተ በእኔ ጥፋት ተማሩበት።