የበጎ አድራጎት ማኅበራትን የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች የማኅበራዊ ሚዲያ ሥራ ስለ ማስተማር

በደብረ ታቦርና በአካባቢው ወረዳዎች ካሉት ነጋዴዎች መካከል፣ ባለፉት ዓመታት አንድም የእርዳታ ጥሪ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ያልደረሰው ይገኛል ብዬ አልገምትም። ጥሪው የደረሰው ነጋዴ እጁን መዘርጋቱ ግን በችግሩ ክብደት ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ጥሪውን የጻፈው ሠራተኛ ሥራውን ማወቁም ይወስነዋል። ስለዚህ ይህ ሠራተኛ ምን ቢማር እንደሚበጀው ለክቡራን አንባብያን ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ማኅበር ብርድ ልብስ ሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ በዚያው ዕለት ብዙ ፎቶግራፍ በገጹ ላይ አወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ዕቃው ለስንት ቤተ ሰብ እንደ ደረሰ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ አላየንም። አንድ ሰው ከሥዕሉ ሥር «ዕቃው የት ገባ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሰጠው አልነበረም። በዓመቱ ሁለተኛው ጥሪ ሲመጣ የንግድ ቤቱ ባለቤት አንብበው ዝም አሉ። ብርድ ልብሱ በትክክል ታድሎ እንደ ነበረ የሰማነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ከጭነት መኪናው ሹፌር አፍ ነው።

እንግዲህ ማኅበሩን የጎዳው ስርቆት ሳይሆን ዝምታ ነው። የሥልጠና አዘጋጆች ብዙውን ጊዜ ስለ ፎቶግራፍ ማማርና ስለ ተከታይ ብዛት ያስተምራሉ። ይህ የሚናቅ ባይሆንም፣ መጀመሪያ መማር የሚገባው የመዝገብ ሥራ ነው፤ ይኸውም የተቀበሉትን ዕቃ ልክ፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ የታደለበትን ቀበሌና ቀን በገጽ ላይ መጻፍ ነው። ቀጥሎም ለጠያቂ በዕለቱ መመለስ ነው። ይህን ነጋዴው ያውቀዋል፤ በቴሌግራም የዕቃ ዋጋ የጠየቀውን ደንበኛ ሳይመልስ የሚያድር ባለ ሱቅ ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ ሱቅ መሄዱ አይቀርምና።

ሥራው በሚገባ ሲሠራ ምን ያህል ፍሬ እንደሚሰጥ የአዲስ አበባው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያሳያል። ማዕከሉ በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስጨረሻ በዩቲዩብ ቀጥታ ሥርጭት ባደረገው ጥሪ ከመቶ ሚሊዮን ብር በላይ ተሰብስቧል። ሰው ገንዘቡ ሲገባ በዓይኑ እያየ ነበር የሚሰጠው።

ስለ ሕግም ማስተማር ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ የሚያሠራጭ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ «በወረዳው ሰዎች በረኀብ አለቁ» ብሎ ሳያጣሩ መጻፍ ርኅራኄ ነው ተብሎ አይታለፍም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ አለ። ያም ባይኖር እንኳ፣ ዱቄት ለመቀበል የተሰለፈችን እናት ሳይጠይቁ ፎቶግራፍ አንሥቶ ከነስሟ ማውጣት በአገራችን ነውር ነው። ልጇ ነገ ከእኛው ሱቅ ደብተር ሊገዛ ይመጣል።

በእኛ አገር ሠልጣኙ ሌላም የሚማረው ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ነበር፤ በዚያው ዓመት ከሐምሌ መጨረሻ ወዲህም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። ጥሪውን ሁሉ በፌስቡክ ላይ የመሠረተ ማኅበር ያን ጊዜ አፉ ተዘጋ። የለጋሾቹን ስልክ ቁጥር በወረቀት መዝገብ የያዘ ግን መልእክቱን በአጭር ጽሑፍና በድምፅ ማድረስ ይችል ነበር። ስለዚህ ትምህርቱ የወረቀት መዝገብንና በዕድር በኩል ማስነገርን ጭምር መያዝ አለበት።

ነጋዴው ለዚህ ትምህርት የግድ ገንዘብ ማውጣት የለበትም። በየንግድ ቤቱ ደረሰኝ መቁረጥና ሒሳብ መዝጋት የሚችል ጸሐፊ አለ፤ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ቢላክ ይበቃል። እኔም ባለቤቱን አስፈቅጄ ዘወትር ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ብርድ ልብሱን ወደ ተቀበለው ማኅበር እሄዳለሁ። የመጀመሪያው ሥራችን ያልተመለሱትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መመለስ ሆኗል።