ስለ እንጦጦ ዱር የእግር መንገድ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ከሩቅ የሚታየው የእንጦጦ ተራራ ለከተማው ሰው ሁለት ጥቅም ይሰጣል። አንደኛው ለዓይን ደስታና ለሰውነት ጤና የሚስማማው ነፋሱና ጥላው ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይበልጣል፤ የክረምቱን ውሃ ተቀብሎ በአፈሩ ውስጥ እያቆየ ቀስ በቀስ ወደ ቀበናና ወደ ቀጨኔ ይለቃል። ስለዚህ በሰንበት ልጆቹን አስከትሎ ወደ ተራራው የሚወጣ የቤተ ሰብ አባት የሚረግጠው መሬት የከተማው የውሃ ጎተራ መሆኑን ቢያስብ መልካም ነው።

የዱሩን ታሪክ በአጭሩ እናስታውስ። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ተቀምጠው ሳሉ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚሆነው የአገር ዛፍ ከዙሪያው እየተመነጠረ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም የእንጨቱ ችግር በረታ። በ1880ዎቹ ዓመታት ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ችግሩን አቃለለው፤ ከተማይቱ ስፍራዋን ሳትለቅ የጸናችው በእርሱ ረዳትነት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ባለውለታን መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም፤ ስለዚህ ዝናቡ ሲወርድ መሬቱን ራቁቱን ያገኘዋል።

በዘመናችን ይህን ለማሻሻል ብዙ ተደክሟል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በኅብረት ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፀዋት ማእከል በ705 ሄክታር መሬት ላይ የአገራችንን ተክሎች ያለማል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን መንገድ ተዘጋጀ። ከዚያ ወዲህ ወደ ተራራው የሚወጣው ሰው በዛ። የሰው መብዛት ደስ ያሰኛል፤ የእግር መብዛት ግን ያሳስባል።

የጫካ መንገድ እንዴት እንደሚበላሽ ማየት ይገባል። መንገዱ ሲጨቀይ መንገደኛው ጫማውን ሲጠነቀቅ ጠርዝ ጠርዙን ይሄዳል፤ ሣሩም ይሞትና መንገዱ ይሰፋል። መንገዱ በሚጠመዘዝበት ስፍራ ደግሞ ችኩሉ ሰው ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይቆርጣል። ያ አቋራጭ በሐምሌና በነሐሴ የጎርፍ መሄጃ ይሆናል፤ በሁለትና በሦስት ክረምትም ሸለቆ ይወጣዋል። የተጠረገው አፈር ቀበና ገብቶ ይሄዳል፤ የሄደም አይመለስም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

መድኃኒቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንደኛ፤ አቋራጩን በእሾህ ዘግቶ ቀጋና አስታ መትከል። ሁለተኛ፤ በዳገቱ ላይ ድንጋይ በአግድም ዘመም አድርጎ ቀብሮ ውሃው መንገዱን ትቶ ወደ ሣሩ እንዲወጣ ማድረግ። ሦስተኛ፤ ለሽማግሌዎች፣ ለሕፃናትና ለአቅመ ደካሞች የሚሆነውን ጥቂቱን መንገድ አስፍቶ አንጥፎ፤ የቀረውን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ጠባብ አድርጎ መተው። አራተኛ፤ የሌሊት መብራትና ጩኸት ወደ ጥልቁ ዱር እንዳይገባ መከልከል፤ በምኒልክ ስም የሚጠራው ድኩላ፣ ከአፍሪካ ቀንድ በቀር የማይገኘው መንቁረ ወፍራሙ ቁራም ጸጥታ ይሻሉና።

ባሕር ዛፉንም በአንድ ጊዜ መጨረስ ስሕተት ነው። ገደሉ ራቁቱን ቢቀር ጎርፍ ይወስደዋል፤ ጉቶውም ዳግመኛ ያቈጠቍጣል። ይልቁንስ በየቦታው ጥቂት ጥቂት እየቆረጡ በመካከሉ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ መትከል ይሻላል። የአገር ዛፍ እድገቱ ዘገምተኛ ስለ ሆነ የተከለው ሰው ከጥላው ላይቀመጥ ይችላል፤ ልጁ ግን ይቀመጣል።

አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ይህን መንገድ አስቀድመው ያቀኑት ለሽርሽር የወጡ ሰዎች አይደሉም፤ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ናቸው። የወደቀው ቅጠል ሁሉ ሲጠረግ አፈሩ ልብሱን ያጣል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም በዚያ ሸክም ልጆች አድገውበታል። ሌላ መተዳደሪያ ሳያበጁ ሸክሙን መከልከል ዱሩን በድኻ እንባ ማጠር ነው። ተክል ለማፍላት፣ ድንጋይ ለመቅበር፣ ዱሩን ለመጠበቅ ሰው ሲፈለግ እያንዳንዱን ጥግ ከሚያውቁት ከእነርሱ የሚቀድም ማን ነው?

እንግዲህ የቤተ ሰብ አባትና እናት ሆይ፤ ለልጆቻችሁ አስተምሯቸው። ከመንገድ እንዳይወጡ፣ አበባ እንዳይቀጥፉ፣ ይዘው የወጡትን ወረቀትና ጠርሙስ ይዘው እንዲመለሱ፣ ሸክም ይዛ የምትመጣውን እናት ባዩ ጊዜም ዳር ቆመው እንዲያሳልፏት ልመዱ በሏቸው። በመንገድ ዳር ቆሞ ሌላውን ማሳለፍ የሚያውቅ ልጅ ሲያድግ ዱሩንም ለሚመጣው ትውልድ ማሳለፍ አያቅተውም።